በመስክ የሚሰበሰብ ደም የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው ወይስ ለጋሹ ወንበር ላይ?

መክፈቻ ጽሑፍ

በተንቀሳቃሽ የደም ማሰባሰቢያ ቡድን ውስጥ ለምትሠሩና ሥራውን በቅርብ ለምታውቁ ሁሉ አንድ አቋም ይዤ መጥቻለሁ። በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በድንኳን ወይም በፋብሪካ ግቢ የተሰበሰበ ደም ለታካሚ ሳይደርስ ሲወገድ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚላከከው በመንገዱ ርዝመት፣ በፀሐዩና በበረዶ ሣጥኑ ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን የአንድ ከረጢት ደም ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው መኪናው ገና ሳይነሣ፣ ለጋሹ ለጥያቄ ከተቀመጠበት ጊዜ አንሥቶ መርፌው ከክንዱ እስኪወጣ ድረስ ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ለ450 ሚሊ ሊትር ደም የተዘጋጀው ከረጢት 63 ሚሊ ሊትር ሲፒዲኤ-1 የተባለ ፀረ መርጋት ፈሳሽ ይዞ ይመጣል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ሲትሬት የደሙን ካልሲየም ስለሚይዝ ደሙ አይረጋም፤ ቀሪዎቹ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ቀይ ሕዋሱን በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 35 ቀን ያቆዩታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የደሙ መጠን ከ405 እስከ 495 ሚሊ ሊትር ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ነው። ከዚያ ካነሰ ሲትሬቱ ለደሙ ይበዛበታል፤ ካለፈ ደግሞ ያንሰውና የመርጋት አደጋ ይመጣል። እየወዘወዘ የሚመዝን ማሽን ባለበት ማዕከል ይህን መጠበቅ ቀላል ነው። መብራት በሌለበት ቦታ ግን ከረጢቱ በመንጠልጠያ ሚዛን ላይ ይሰቀላል፤ አንድ ባለሙያ በየ30 ወይም በየ45 ሰከንዱ በመዳፉ ደግፎ ቀስ ብሎ ይገለብጠዋል። ያ ባለሙያ ብቻውን አራት ለጋሽ የሚጠብቅ ከሆነ አንዱን ሲገለብጥ ሦስቱ ይረሳሉ። ከረጢቱ ማዕከል ደርሶ ከቱቦው አፍ አጠገብ የጓጎለ ደም ሲገኝበት ግን «ሙቀቱ ነው» ተብሎ ይጻፋል። እናንተስ ምን ታያላችሁ?

ከዚህ በታች ያለው የመጡት መልሶች ፍሬ ነገር ነው። የጸሐፊዎቹን ቃል እንዳለ አላሰፈርኩም፤ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል የተባለውን አስቀምጬ፣ አስፈላጊ በመሰለኝ ቦታ የራሴን አስተያየት ጨምሬበታለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ ከሐዋሳ የጻፉ፣ በመስክ ሥራ ላይ የቆዩ ሲስተር ናቸው። ከሐሳቤ ጋር እንደሚስማሙ በትሕትና ገልጸው፣ እኔ ስለ መገልበጡ ስጽፍ ስለ አፈሳሰሱ ዝም ማለቴን አስታውሰውኛል። ደሙ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ከሞላ ጥሩ ነው፤ ከ15 ደቂቃ በላይ እየተንጠባጠበ የመጣ ደም ግን የቱንም ያህል ቢገለበጥ ቱቦው ውስጥ እያለ መርጋት ሊጀምር ይችላል። ለዘገምተኛ አፈሳሰስ በድንኳን ሥራ ላይ የሚያዩት ዋና ምክንያት ልብስ ነው ይላሉ። ብርድ ባለበት ቦታ ለጋሹ ሹራቡን ማውለቅ ስለማይፈልግ እጅጌውን እስከ ብብቱ ጠቅልሎ ይሰበስበዋል፤ ጥቅሉ ሁለተኛ ማሰሪያ ይሆንና የክንዱን ደም ያንቃል። የግፊት መለኪያው ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ላይ ተስተካክሎ ሳለ እጅጌው ግን ከዚያ በላይ ሊያጠብቅ ይችላል። እርሳቸው ጋቢ ይዘው ይወጣሉ፤ ለጋሹ ሹራቡን አውልቆ ጋቢውን በሌላው ትከሻው ላይ ይደርባል።

መልስ 2

ከሰመራ የጻፈው የላቦራቶሪ ባለሙያ በአቋሜ አልተስማማም፤ ቃሉም ጠንከር ያለ ነበር። በአፋር ሜዳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ሠርቶ የማያውቅ ሰው በረዶን ከሁለተኛ ደረጃ ማስቀመጡ አያስደንቅም ሲል ጽፏል። በእርሱ እምነት ከረጢቱ ከሚዛኑ እንደወረደ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ በረዶ መግባት አለበት፤ ሣጥኑም በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ስለሚያመልጥ የመክፈቻ ሰዓት ተወስኖለት፣ ቴርሞሜትሩ ከሁለት ከረጢቶች መካከል ተቀምጦ ሊነበብ ይገባል። የሣጥኑን አከፋፈትና የቴርሞሜትሩን ቦታ በተመለከተ ያለው ሁሉ ትክክል ነው።

መልስ 3

ይህ መልስ የመጣው አዲስ አበባ ውስጥ ደምን ወደ ክፍሎቹ በሚለይ ላቦራቶሪ ከምትሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛውን መልስ በሁለት ነጥብ ያርማል። አንደኛ፣ ከደሙ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል) እንዲለይ ከታሰበ በረዶ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተጠብቆ፣ ከተቀዳ በኋላ በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሴንትሪፉጅ (ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን) ላይ መድረስ ይኖርበታል። ጧት 2 ሰዓት ላይ የተቀዳ ከረጢት በረዶ ውስጥ አድሮ ለእርሷ ሲደርሳት ፕሌትሌት ለሚጠባበቀው የካንሰር ሕሙም ምንም ልታወጣለት አትችልም። ሁለተኛ፣ በረዶው ከረጢቱን በቀጥታ ሲነካው ቀይ ሕዋሱ ወደ በረዶነት ሊለወጥና ሊፈነዳ ይችላል። የፈነዳውን ደም እንዴት እንደምታውቀው የጻፈችው ደግሞ ለሁላችን የሚጠቅም ነው። ከረጢቱ ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይነካ ቆሞ ቀዩ ወደ ታች ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ገለባ የመሰለ ቢጫ መሆን ሲገባው፣ ከድንበሩ መሥመር ጀምሮ ሮዝ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በበረዶና በከረጢት መካከል ካርቶን ወይም ወፍራም ጨርቅ እንዲገባ ትመክራለች።

መልስ 4

የሰመራው ባለሙያ ተመልሶ መጣ። ስለ ካርቶኑ አመስግኖ፣ ስለ ፕሌትሌቱ የተባለው ግን ለአዲስ አበባ የሚሠራ ነው ሲል መለሰ። እርሱ ባለበት አካባቢ ፕሌትሌት የሚለይ መሣሪያ የለም፤ ሆስፒታሉ የሚጠይቀው በወሊድ ለምትደማ እናት የሚሰጥ፣ ወደ ክፍሎቹ ያልተለየ ሙሉ ደም ነው። ለማይሠራ ነገር ሲባል ደሙን በክፍል ሙቀት ማቆየት ባክቴሪያ ማራባት ነው የሚለው ክርክሩም ተቀባይነት አለው።

ሁለቱም ከቆሙበት ቦታ አንጻር ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቁም ነገሩ ውሳኔው መሰጠት ያለበት ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው። ደሙ ከተቀዳ በኋላ እስከ መመለሻው ከ8 ሰዓት በላይ የሚያልፍ ከሆነ ወይም ደሙ ለሙሉ ደምነት ከተፈለገ በረዶ ይጫናል። ፕሌትሌት ከተፈለገ ግን ሌላ ዓይነት ማቆያ፣ ሌላ የመኪና ሰዓትም ያስፈልጋል። በሁለት ሐሳብ የወጣ ቡድን ደሙን ለአንዱም ሳያደርሰው ይመለሳል።

መልስ 5 እና 6

አንድ ተማሪ ልምድ ያለው ባለሙያ ከረጢቱ መሙላቱን በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም ወይ ሲል ጠየቀ። መልሱን የሰጠው የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነው፤ በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ እኔ በግሌ ብዙ የተጠቀምኩበት የእርሱ ጽሑፍ ነው።

ዓይን አይበቃም፤ ከረጢቱ ለስላሳ ስለሆነ አቀማመጡ ሲቀየር የሞላ ወይም የጎደለ ይመስላል። አንድ ሚሊ ሊትር ደም 1.06 ግራም ያህል ስለሚመዝን 450 ሚሊ ሊትር 477 ግራም ይሆናል። በዚህ ላይ ግን የባዶው ከረጢት፣ የቱቦውና የ63 ሚሊ ሊትሩ ፈሳሽ ክብደት አለ፤ ይህ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ አዲስ ካርቶን በተከፈተ ቁጥር አንድ ያልተነካ ከረጢት ተሰቅሎ ሚዛኑ ከዚያ ተነሥቶ ዜሮ ሊደረግ ይገባል። በርካታ ቡድኖች ባለፈው ዓመት የተሰመረውን ቀይ መሥመር ይዘው እንደሚቀጥሉ በሐዘን ጽፏል። ቀጥሎ ያነሣው ነፋስን ነው። ድንኳኑ በሁለት በኩል ክፍት ሲሆን የተሰቀለው ከረጢት ይወዛወዛል፤ የሚዛኑ ቀስት የሚያሳየው ቁጥርም ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ባለሙያው መካከለኛውን ገምቶ ቱቦውን ይቆነጥጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሚዛኑ በነፋሱ በኩል በሸራ ይከለላል፤ የሚሰቀልበት ብረትም በድንጋይ ተደግፎ ቀጥ ይላል። በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክብደቱ የታወቀ የ500 ግራም ብረት ተሰቅሎ የሚነበበው ቁጥር በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። ይህ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው።

መልስ 7

ስለ ሄሞግሎቢን ምርመራ የተጻፈ አጭር ማሳሰቢያ ነበር። መጠነ እፍጋቱ 1.053 የሆነው የኮፐር ሰልፌት ውኃ በዴሲ ሊትር ለ12.5 ግራም የሄሞግሎቢን ወሰን ያገለግላል፤ የለጋሹ ጠብታ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከሰጠመ ያልፋል። በሙቀት ቦታ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ብልቃጥ ግን ውኃው ይተናል፤ የቀረው ይወፍርና የጤነኛው ሰው ጠብታ ይንሳፈፋል። በዚህ መንገድ መስጠት የሚችል ሰው «ደም የለህም» ተብሎ ይመለሳል፤ ያ ሰው ዳግመኛ አይመጣም። በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ25 ጠብታ በላይ አይጣል፤ ብልቃጡም ተከድኖ በጥላ ውስጥ ይቀመጥ ብሏል ጸሐፊው።

መልስ 8 እና 9

አንድ ሐኪም ከዚሁ ተነሥቶ የከፍታ ቦታን ጉዳይ አመጣ። ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ለሚኖር ሰው የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ 1.3 ግራም ያህል ማስተካከያ እንደሚያደርግ ጠቅሶ፣ በደብረ ብርሃን 12.5 የሆነ ለጋሽ በእውነቱ የብረት ማዕድን ሊያጥረው ስለሚችል ወሰኑ ከፍ ማለት አለበት ሲል ተከራከረ።

ዘጠነኛው መልስ ይህን በጨዋ ቋንቋ አረመው። ማስተካከያው በብዛት የተመሠረተው በሌሎች የዓለም ክፍሎች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመራማሪዋ የሲንቲያ ቢል ቡድን በስሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ላይ ያወጣው ጥናት አማካዩን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም አግኝቶታል፤ ይህም በባሕር ወለል ደረጃ ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም የማይለይ ነው። የደቡብ አሜሪካን የአንዲስ ተራሮች ቁጥር ወደ ደጋችን አምጥቶ ለጋሽ መመለስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል የሚለው መደምደሚያው አሳምኖኛል፤ ስምንተኛውም ጸሐፊ አመስግኖ ተቀብሎታል።

መልስ 10

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከመርፌው ወደ ጥያቄው ጠረጴዛ ተመለሰ። አንዲት የምክር አገልግሎት ባለሙያ እንደጻፈችው፣ በመስክ ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግድግዳ አለመኖሩ ነው። ለጋሹ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነቱ፣ ስለ ሕመሙና ስለሚወስደው መድኃኒት የሚጠየቀው የክፍል ጓደኞቹ ከኋላው ተሰልፈው ሳለ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የለም» ይላል፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ደሙ በኋላ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል፤ ነገር ግን በቅርብ የተያዘ ሰው በምርመራ የማይታይበት የሳምንታት ክፍተት ስላለ ያን ክፍተት የሚሸፍነው የለጋሹ እውነተኛ ቃል ብቻ ነው። እርሷ ጠረጴዛውን ከሰልፉ በድምፅ በማይደረስበት ርቀት አድርጋ፣ ወንበሩን ጀርባውን ለሰልፉ አስሰጥታ ታስቀምጣለች። በሰው ፊት እምቢ ማለት ያፈረ ለጋሽም ከሰጠ በኋላ ደሙ ለታካሚ እንዳይውል በምሥጢር የሚያሳውቅበት ወረቀት ታዘጋጃለች።

ወንበሩ ላይ የሚሆነውን ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህ መልስ የጎደለውን ይሞላል፤ የከረጢቱ ደኅንነት የሚጀምረው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው።

መልስ 11

ከእስራኤል የጻፉ አንድ አባት ይህን ሲያነቡ ዝም ማለት እንዳልቻሉ ገልጸዋል። ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ሲጋለጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም በሚገኘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለተቃውሞ ወጥተው እንደነበር አስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻም ኢትዮጵያ የተወለዱት የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በራሱ በክኔሴት (በእስራኤል ምክር ቤት) ግቢ ከቆመው ተንቀሳቃሽ የደም መለገሻ ጣቢያ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን ደም በሚገድበው ደንብ ምክንያት ተመልሰዋል። ደንቡ ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል፤ ጸሐፊው አባት ግን ልጆቻቸውን ዛሬም ደም ስጡ ለማለት አፋቸው አይፈታም። ለቡድኖቹ የሚያስተላልፉት አንድ ነገር ነው፦ ለጋሽን መመለስ ግድ ከሆነ በምን ምክንያት እንደተመለሰ በግል፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በአክብሮት ይነገረው፤ የተቀበላችሁትን ደም ደግሞ ደብቃችሁ አትጣሉ።

መልስ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ስለሆነ ከሙያዊ ውይይት ይውጣ ሲል በአጭሩ ጻፈ። አሥራ ሦስተኛዋ ደግሞ ክፉኛ ተቆጣች፤ ለጋሽ በሰው ፊት መዋረዱ ሙያዊ ጉዳይ ካልሆነ ደም ባንክ ነገ ማንን ሊቀዳ ነው ስትል ጠይቃዋለች፤ ስለ ሰውየው አስተዳደግም ባይጻፍ ይሻል የነበረ ቃል ጨምራለች። ቃሉን ትታ ሐሳቡን ብትይዝ እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ። ለጋሽ በፈቃዱ፣ ያለ ክፍያ የሚመጣ ሰው ነው፤ በአደባባይ ያፈረ ሰው ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም ይዞ ይቀራል።

መልስ 14

በጡረታ ላይ የሚገኙ አንድ የጦር ሠራዊት ሐኪም ረጅም ጽሑፍ ላኩ። እስካሁን የተባለው ሁሉ መኪና መጥቶ ለሚወስደው ደም ነው፤ መኪና የማይደርስበት ቦታስ? ሲሉ ጠየቁ። በጠረፍ ሆስፒታል አንዲት ወላድ እየደማች፣ ደም ባንኩ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅበት ጊዜ ሙሉ ደም ከጤነኛ ሰው ክንድ ተቀድቶ እንደሞቀ ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለም። ታሪኩንም አወሱ። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው ሐኪም ኦስዋልድ ሮበርትሰን ፈረንሳይ ውስጥ ከካምብሬ ውጊያ በፊት የኦ ዓይነት ደም ከወታደሮች ቀድቶ፣ ሲትሬትና ግሉኮስ በያዘ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ፣ ከጥይት ሣጥን በተሠራ የበረዶ ሣጥን አስቀምጦ ለቁስለኞች አድርሷል። ዛሬ የምንሠራው ሁሉ መነሻው መስክ ነው፤ መስኩን የከተማ ሥራ ጎዶሎ ቅጂ አድርጋችሁ አትዩት ብለዋል።

መልስ 15

ከቨርጂኒያ የጻፈ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሕክምና ረዳትነት ያገለገለ ወንድም ሐኪሙን «ጋሼ» ብሎ አክብሮ፣ አሠራሩ ዛሬ ምን እንደሚመስል አብራራ። እዚያ በውጊያ ቦታ ድንገት የሚፈለግ ለጋሽ የለም፤ ማን ሊሰጥ እንደሚችል ቀደም ብሎ የታወቀ ነው። ኦ የሆኑት ወታደሮች ከመዝመታቸው በፊት ለተላላፊ በሽታዎች ይመረመራሉ፤ በፕላዝማቸው ውስጥ ያለው ፀረ-ኤ እና ፀረ-ቢ መጠንም ይለካል፤ ልኩ ከ256 በታች የሆነው (ፕላዝማው 256 ጊዜ ሲቀጥን ምላሽ የማያሳየው) ብቻ ለማንኛውም ተቀባይ እንዲሰጥ ይመዘገባል። ይህ አስፈላጊ የሆነው ኦ ለሁሉ ይሰጣል የሚለው አነጋገር የሚሠራው ለቀይ ሕዋሱ ስለሆነ ነው፤ ሙሉ ደም ግን ፕላዝማውንም ይዞ ስለሚሄድ ልኩ ከፍ ያለ ሰው ደም የኤ ወይም የቢ ታካሚን ቀይ ሕዋስ ሊያፈርስ ይችላል። በክፍል ሙቀት የተቀመጠ እንዲህ ያለ ደም በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ያለፈው ይወገዳል። ከመጀመሪያው ከረጢት ጋርም ለቁስለኛው አንድ ግራም ካልሲየም ይሰጠዋል፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሲትሬት የታካሚውንም ካልሲየም ስለሚይዝበት ነው።

መልስ 16 እና 17

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። አንድ ወጣት የደም ደኅንነት ባለሙያ አሥራ አራተኛውን መልስ አደገኛ ብሎ ጠራው። በኢትዮጵያ የደም አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቀይ መስቀል ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተዛወረው፣ ከቤተሰብ ምትክ ደም ወጥተን ወደ በጎ ፈቃድ ልገሳ እንድንሄድ ነው፤ አንድ ሆስፒታል የበሽተኛውን ወንድም በፈጣን ምርመራ ብቻ አጣርቶ ቢቀዳ ያን ሁሉ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው ሲል ጽፏል። ቤተሰብ ተጨንቆ ሲቆም እውነቱን አይናገርም፤ አንዳንዱም በድብቅ ተከፍሎት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ የመለሱት «ልጄ» ብለው ነው፤ ቃላቸው ግን የአባት ቁጣ ነበረበት። ፈጣን ምርመራ ፍጹም እንዳልሆነ ከእርሱ በፊት እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን እናቲቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል በሽታ ለማሰብ መጀመሪያ ሌሊቱን ማለፍ እንዳለባት ጻፉ።

ሁለቱ ያልተገናኙት የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዓታት ስለሆነ ይመስለኛል። ሐኪሙ ስለ ሌሊቱ ይናገራሉ፤ ወጣቱ ከሌሊቱ በፊት ስላለው ዓመት ይናገራል። የቨርጂኒያው ወንድም የገለጸው ነገር ድልድዩን ይሰጠናል። የጠረፍ ሆስፒታል በአካባቢው ያሉ በጎ ፈቃደኛ መምህራንን፣ የጤና ሠራተኞችንና ነጋዴዎችን አስቀድሞ መዝግቦ፣ ደማቸውን በየ3 ወሩ ወደ ደም ባንክ ልኮ በተሟላ ዘዴ እያስመረመረ ቢቆይ፣ ሌሊት የሚጠራው የማይታወቅ የታካሚ ዘመድ መሆኑ ይቀራል፤ የሚመጣው ታሪኩ በመዝገብ ያለ ሰው ነው። ያኔ ፈጣኑ ምርመራ የመጨረሻ ማረጋገጫ ይሆናል፤ ብቸኛው መከላከያ አይሆንም። የሚቀዳው ናሙናም በማግስቱ ወደ ባንኩ ይላካል። ሕይወት የምታድነው ሰዓት የምትዘጋጀው ቀደም ባሉት ወራት ነው፤ ይህን ያላደረገ ሆስፒታል ሌሊቱ ላይ ደርሶ ሁለቱም ምርጫ ክፉ ሲሆንበት ሊደነቅ አይገባም።

መልስ 18 እና 19

አንድ ለጋሽ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆነ፣ ከሰጠ በኋላ የሚታደለው ብስኩትና ለስላሳ ስለማነሱ ቅሬታ አቀረበ። ሌላው ደግሞ ድሮን ነገሩን ሁሉ ይፈታዋል፣ በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደም በሰማይ እየተላከ ነው አለ። ድሮን የተዘጋጀ ደም ያደርሳል፤ ደም ግን አይቀዳም። ስለዚህ ይህን ወደ ሌላ ክር እንዲወስደው ጠይቄዋለሁ።

መልስ 20

የብስኩቱን ቅሬታ ግን ከሐዋሳ የጻፉት ሲስተር በቁም ነገር ያዙት። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ተማሪ ከቀትር በፊት ሲቀዳ ራሱን ሊስት ይችላል፤ በረመዳንም ቀን እንዲሁ ነው። ከመቀዳት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ መጠጣት መዝለፍለፍን ይቀንሳል፤ የጾመ ሰው ግን ውኃም አይጠጣም። በጾም ወራት የሥራ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ፣ በረመዳንም ከአፍጥር በኋላ ማዞር ለለጋሹም ለቡድኑም ዕረፍት ነው። ክብደትም እንዲሁ። የለጋሽነት ወሰናችን 45 ኪሎ ቢሆንም ከ45 እስከ 50 ኪሎ ላለ ሰው የሚመጥነው 49 ሚሊ ሊትር ፀረ መርጋት የያዘው የ350 ሚሊ ሊትር ከረጢት ነው። መስክ ሲወጣ ትልቁ ከረጢት ብቻ ይጫናል፤ ቀጭኗ የ18 ዓመት ተማሪ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ከሚገባት በላይ ትቀዳለች፣ ወይ ሳይሞላ ተቋርጦ ከረጢቱ ይጣላል። ሦስቱም የሚሆኑት ካርቶን ሲጫን ባለመታሰቡ ነው።

መልስ 21

ከላቦራቶሪዋ ባለሙያ የመጣ ሁለተኛ መልስ ነበር፤ ጉዳዩ መለያ ቁጥር ነው። የከረጢቱ፣ የተጓዳኝ ከረጢቶቹ፣ የናሙና ብልቃጦቹና የቅጹ ቁጥር አንድ ሆኖ በለጋሹ ወንበር አጠገብ፣ መርፌው ሳይገባ መለጠፍ ይኖርበታል። ድንኳን ውስጥ ቅጾች በጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ነፋስ ያገላብጣቸዋል፤ የሁለት ሰዎች ናሙና ከተቀያየረ የተበከለው ደም ንጹሕ ተብሎ ሊሰጥ፣ ንጹሑ ሊጣል ይችላል። ይህን ስሕተት በኋላ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለእያንዳንዱ ለጋሽ አንድ የፕላስቲክ ማኅደር ተሰጥቶ ወረቀቱና ብልቃጡ ከእርሱ ጋር ከጠረጴዛ ወደ ወንበር እንዲሄዱ ሐሳብ አቅርባለች።

መልስ 22

በመጨረሻ የሰመራው ባለሙያ ጻፈ። በበረዶው ላይ ያለውን አቋም እንዳልለወጠ፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ጉዞ ቡድኑ ሁለት ነገር እንደሚያደርግ አሳወቀ። ለሁለት ወንበር አንድ ሰው ይመደባል፤ ሥራውም መገልበጥና ሚዛን ማንበብ ብቻ ይሆናል። በተጨማሪም የሚወገደው እያንዳንዱ ከረጢት ምክንያቱ «ተበላሸ» ተብሎ በጅምላ መጻፉ ይቀርና ክብደቱ ያነሰ፣ ክብደቱ ያለፈ፣ የረጋ፣ የፈነዳ ወይም ሙቀቱ ከወሰኑ የወጣ ተብሎ ይለያል። የመዝገቡን ቅጽ እንዲልክልን ጠይቄው ልኮልናል፤ እኔ የለጋሹ ደም ለመቀዳት የወሰደው ጊዜ በደቂቃ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ጨምሬበት መልሼለታለሁ። ሌሎች ቡድኖችም በዚሁ ቅጽ ቢጽፉ የደጋውንና የቆላውን ጎን ለጎን አስቀምጠን ማየት እንችላለን።